ታይታኒየም ሁሉን አይችልም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ስለ ታይታኒየም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ «የትኛው ይሻላል?» እኔም ለሁሉም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ምንድን ነው? ስንት ዲግሪ ላይ? ፋብሪካው ሲቆምስ ውስጡ ምን ይቀራል? ይህ ሳይታወቅ ስለ ግሬድ (የታይታኒየሙ ዓይነት መለያ ቁጥር) ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ሁኔታቸውን አብራርተው የጻፉልኝን ያስቀደምኩት።

ጥያቄ፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። በባሕር ውሃ የሚሠራ ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀት መለዋወጫ) አለን። ቱቦዎቹ 316 ስቴንለስ ናቸው፣ እየተበሱ አስቸገሩን። አቅራቢው «ወደ ታይታኒየም ቀይሩ፣ ከታይታኒየምም ጠንካራው ግሬድ 5 ነው» አለን። ዋጋው ያስደነግጣል። ያዋጣል?

መልስ፦ ታይታኒየሙ ያዋጣል፤ ግሬድ 5ቱ ግን ይቅርብዎት።

የ316 ጠላት ክሎራይድ ነው። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን አንድ ነጥብ ላይ ይሰብረውና እዚያችው ነጥብ ላይ ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል። ዙሪያው እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ቱቦው መርፌ በምታክል ቀዳዳ ያልቃል። ታይታኒየምም የሚኖረው በሽፋኑ ነው። የሱ ሽፋን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ ውፍረቱም ጥቂት ናኖሜትር ብቻ። ነገር ግን ይህ ሽፋን ክሎራይድን አይፈራም፣ ቢጫርም ትንሽ ኦክሲጅን ወይም ውሃ ካገኘ ወዲያው ራሱን ይጠግናል። በተለመደው የማቀዝቀዣ ሙቀት ላይ የባሕር ውሃ ታይታኒየምን አይነካውም ቢባል ማጋነን አይደለም። የውሃው ፍጥነትም ብዙ አያሳስበውም። ኮፐር ኒኬል (የመዳብና የኒኬል ቅይጥ) በሰከንድ ከ3 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን መሸርሸር ይጀምራል፤ ታይታኒየም ግን አሸዋ የሌለበትን የባሕር ውሃ በሰከንድ እስከ 30 ሜትር ድረስ ይችለዋል።

አሁን ወደ ግሬዱ። ግሬድ 5 ማለት 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት ቅይጥ ነው። ሲሳብ ሳይበጠስ የሚችለው ዝቅተኛ ጫና 895 ሜጋፓስካል ነው፣ የግሬድ 2፣ ማለትም ያልተቀየጠው ታይታኒየም፣ ደግሞ 345። ቁጥሩ ያማልላል። ግን የእርስዎ ቱቦ የተበሳው ጉልበት አንሶት አይደለም፣ በዝገት ነው። ግሬድ 5 ጉልበት ለሚጠየቅበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ለሚሽከረከር ዘንግ፣ ለአውሮፕላን አካል። ቀጭን ቱቦ አድርጎ መጎተት፣ ማጠፍ፣ ጫፉን ሰሌዳው ላይ አስፍቶ ማጥበቅ ግን ፈተና ነው። ቀድሞ ስንጥቅ ካለበት ደግሞ ባሕር ውሃ ውስጥ ስንጥቁ ሊሮጥ ይችላል። ለእርስዎ የሚሆነው ግሬድ 2 ነው። ትዕዛዙ ላይ «ኤኤስቲኤም ቢ338፣ ግሬድ 2» ብለው ያስጽፉ፤ ይህ የሂት ኤክስቼንጀርና የኮንደንሰር ቱቦ መለኪያ ነው።

ዋጋውን በኪሎ አያወዳድሩ። ሁሌም የምናገረው ነው፣ ሁሌም ይረሳል። የታይታኒየም ክብደት በሴንቲሜትር ኩብ 4.5 ግራም ነው፣ የስቴንለስ 8 ገደማ። በአንድ ኪሎ ታይታኒየም ከስቴንለሱ እጥፍ ለሚጠጋ ርዝመት የሚሆን ቱቦ ያገኛሉ። በዚያ ላይ ስለማይበላ «ለዝገት» ተብሎ ተጨማሪ ውፍረት አይታሰብለትም። በኮንደንሰር ውስጥ 0.5 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦ የተለመደ ነው። ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ ጋር አይወዳደርም፣ ግድግዳው ስለሚሳሳ ግን ጉድለቱ አብዛኛው ይካካሳል። ስለዚህ ሒሳቡን በሙሉ ዕቃው ይሥሩት፤ ፋብሪካ ቆሞ የሚባክነውን ጊዜም ይደምሩበት።

ቱቦውን ብቻ ቀይሮ መተው ግን አይሆንም። ቱቦዎቹ የሚታሰሩበት ሰሌዳ ከተራ ብረት ወይም ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ ከሆነ ታይታኒየሙ ሲመጣ እሱ በፍጥነት መበላት ይጀምራል። ሁለቱ ባሕር ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ ተበዪው ደግሞ ደካማው ነው። ሰሌዳውን በታይታኒየም የተለበጠ ማድረግ ትክክለኛው መፍትሔ ነው። «በካቶዲክ ጥበቃ (በኤሌክትሪክ ዝገትን በመከላከል) እናድነዋለን» ካሏችሁ ቮልቴጁን ይጠይቁ። በሲልቨር ክሎራይድ መለኪያ ከ−0.75 ቮልት በላይ ወደ አሉታዊው ከወረደ ታይታኒየሙ ላይ ሃይድሮጅን መፈጠር ይጀምራል፤ ሃይድሮጅኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ተሰባሪ ያደርገዋል፣ በተለይ ከ80 ዲግሪ በላይ።

ሌላው ንዝረት ነው። የታይታኒየም ግትርነት የብረትን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፣ ቱቦውም ቀጭን ነው። ለስቴንለስ የተሠራው የድጋፍ ርቀት ለዚህ ሊሰፋበት ይችላል። በድሮው ቅርፊት ውስጥ አዲስ ቱቦ ከማስገባትዎ በፊት ይህን ያሰሉልኝ።

ጥያቄ፦ 15 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ የሚገፋ ፓምፕ ልንገዛ ነው። «ታይታኒየም ከሆነ ዘላለም ይኖራል» ተብለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እባካችሁ ይህን ፓምፕ አትግዙ።

ታይታኒየም የሚወደው ኦክሲጅን የሚሰጥ አካባቢ ነው፤ ሽፋኑን የሚያድሰው በሱ ነውና። ናይትሪክ አሲድ፣ እርጥብ ክሎሪን፣ ሃይፖክሎራይት፣ ፌሪክ ክሎራይድ፤ እነዚህ፣ ከናይትሪኩ በቀር ስቴንለስን የሚያስለቅሱት ነገሮች፣ ታይታኒየም ላይ ብዙም አያደርሱም። ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ ግን ተቃራኒው ናቸው። ሽፋኑን ያሟሙታል፣ የሚተካውም አይመጣም። ያኔ ታይታኒየም ከመጠበቅ ወደ መበላት የሚሄደው ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነው።

ወሰኑን ላስቀምጥላችሁ። ግሬድ 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድን የሚችለው በክፍል ሙቀት እስከ 7 በመቶ ገደማ፣ በ60 ዲግሪ እስከ 3 በመቶ፣ በፈላ ጊዜ ደግሞ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። የእናንተ 15 በመቶ ነው። ግሬድ 7 የተባለው ከ0.12 እስከ 0.25 በመቶ ፓላዲየም የተጨመረበት ሲሆን በክፍል ሙቀት 25 በመቶ ገደማ ድረስ ይሄዳል። 60 ዲግሪ ላይ 15 በመቶ ግን ለሱም ጠርዝ ነው። ጠርዝ ላይ የቆመ ዕቃ መግዛት አልመክርም፤ ሙቀቱ አንድ ቀን 10 ዲግሪ ቢጨምር ፓምፑ አለቀ።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። አሲዱ ውስጥ ትንሽ የፌሪክ ብረት ካለ፣ በሚሊዮን ውስጥ መቶ ገደማ ቢሆን እንኳ፣ የታይታኒየምን ሽፋን ይደግፈዋል። የብረት ማጠቢያ አሲድ ውስጥ ታይታኒየም ሲሠራ የምታዩት ለዚህ ነው። ግን በዚህ ላይ ተማምኖ ዲዛይን ማድረግ አደገኛ ነው። ታንኩ ታጥቦ ንጹሕ አሲድ በተሞላበት ቀን ጠባቂው የለም።

ለናንተ ዚርኮኒየም፣ ታንታለም ወይም በቴፍሎን የተለበጠ ፓምፕ ጠይቁ። ዚርኮኒየም ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የሱ ባሕርይ ከታይታኒየም ጋር ተቃራኒ ነው፤ ታይታኒየምን የሚያድነው ፌሪክ ብረት ዚርኮኒየምን ይበላዋል። አሲዱ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚቀላቀልበት ሳታውቁ አትምረጡ። ፍሎራይድ ካለበት ደግሞ ታይታኒየሙንም፣ ዚርኮኒየሙንም፣ ታንታለሙንም እርሷቸው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በጣም ቀጥኖም ቢሆን ታይታኒየምን ያሟሟዋል።

ጥያቄ፦ ሙቅ የጨው ውሃ፣ 95 ዲግሪ፣ በግሬድ 2 ቧንቧ እናስተላልፋለን። ቧንቧው ምንም አልሆነም። ፍላንጁን (የቧንቧውን መጋጠሚያ) ስንፈታ ግን ጋስኬቱ (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ሥር ተበልቶ አገኘነው። አንድ ብረት እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለላኩልን አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም ግሬድ 2 የሚፈተንበት ትክክለኛ ቦታ ይሄ ነው።

ጋስኬቱ ሥር ያለውን ክፍተት በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። ከፀጉር የቀጠነ ነው። ጨው ውሃው ይገባል፣ ግን አይወጣም፣ አይታደስም። ውስጡ ያለው ኦክሲጅን በትንሽ ጊዜ ያልቃል፣ አዲስ የሚተካ የለም። ኦክሲጅን ካለቀ ሽፋኑ ራሱን መጠገን ያቆማል፣ ጥቂት ታይታኒየም ይሟሟል፤ የሟሟው ታይታኒየም ከውሃው ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱን ለማመጣጠን ደግሞ ክሎራይዱ ከውጭ ወደ ክፍተቱ ይሳባል። ውጭ ያለው ጨው ውሃ ገለልተኛ ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 1 ሊወርድ ይችላል። በሌላ አነጋገር ፍላንጁ ሥር ያለው ጨው ውሃ አይደለም፣ ሙቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ከላይ ባለው መልስ ግሬድ 2 እሱን እንደማይችል አይተናል። ሲፈቱት ያገኙት ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ከሆነ እሱ ራሱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ የተበላው ብረት አስክሬን።

ይህ ክስተት ለግሬድ 2 የሚጀምረው ክሎራይድ ባለበት ከ70 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ከዚያ በታች አልፎ አልፎ ካልሆነ አያስቸግርም። የእርስዎ 95 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ የሆነው መሆን የነበረበት ነው።

መፍትሔው ቧንቧውን ሁሉ መቀየር አይደለም። ቧንቧው መሃሉ ላይ ክፍተት የለውም፣ አይበላም። የሚቀየረው ክፍተት ያለበት ቦታ ነው፤ ፍላንጁ፣ የቱቦ ሰሌዳው፣ በብሎን የሚታሰረው ሁሉ። እነሱን በግሬድ 12፣ ማለትም 0.3 በመቶ ሞሊብዲነምና 0.8 በመቶ ኒኬል ባለው ቅይጥ፣ ወይም ሁኔታው ከበድ ካለ በግሬድ 7 ያሠሩ። ፍላንጁ ትልቅ ሆኖ ግሬድ 7 ኪስ የሚያራቁት ከሆነ ጋስኬቱ የሚያርፍበትን ፊት ብቻ በግሬድ 7 ሽቦ ብየዳ ማልበስ ይቻላል። ጥቂቱ ፓላዲየም ያው ሥራውን ይሠራል።

ጋስኬቱንም ይመልከቱ። ቴፍሎን በጣም ጥብቅ ክፍተት ይፈጥራል፣ በሙቅ ጨው ውሃ ደግሞ ለዚህ ዓይነት መበላት ከሌሎቹ የበለጠ ያጋልጣል። በተቻለ መጠን ፍላንጅ ቀንሰው ብየዳ ያብዙ። ጨው የሚጋገርበትን ቦታም አይርሱ። ቅርፊቱ ሥር የሚፈጠረው ክፍተት ከጋስኬት ሥሩ አይለይም።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ፣ ታይታኒየም ስበይድ መስመሩ አንዳንዴ ብርማ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ይወጣል። ደንበኛው ሰማያዊውን ሲያይ «አምሮበታል» አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰማያዊው ያምራል፣ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ታይታኒየም ሲግል አየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል፣ የጠጣውም ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀለሙ የሚነግርህ መስመሩ ገና እየጋለ አርጎኑ ምን ያህል እንደጠበቀው ነው። ብርማ ከሆነ ጎበዝ። ቀላል ገለባማ ቢጫ አብዛኛው ጊዜ ይታለፋል። ሰማያዊ መታየት ሲጀምር ቆም በልና መከላከያህን አስተካክል፤ ለወሳኝ ሥራ ሰማያዊ ተቀባይነት የለውም። ግራጫ ከሆነ ወይም ነጭ ዱቄት ካወጣ ተቆርጦ ይወጣል፣ በላዩ ላይ ደግሞ መበየድ አያድነውም።

ስለዚህ ከችቦው አርጎን ሌላ ከኋላ የሚጎተት መከላከያ ያስፈልግሃል፣ ምክንያቱም መስመሩ ከ425 ዲግሪ በታች እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየር ማየት የለበትም። የቧንቧው ውስጥም በአርጎን መሞላት አለበት። ከላይ ብርማ ሆኖ ከውስጥ ግራጫ የሆነ መስመር ስንቴ ይገኛል! ቀለሙ ከመታየቱ በፊትም በብሩሽ አታጽዳው፣ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ንጽሕናው ላይ አትለሳለስ። ተራ ብረት የነካ የሽቦ ብሩሽ ወይም ግራይንደር ታይታኒየም ላይ አይነካም። የብረቱ ቅንጣት ላዩ ላይ ተቀብሮ ይቀርና በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮጅን የሚገባበት በር ይሆናል። ለታይታኒየም ብቻ የሚውል መሣሪያ ለይተህ አስቀምጥ። ስታጸዳ አሴቶን ጥሩ ነው፤ ውሃ የሌለበት ሜታኖል ግን ታይታኒየምን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አትጠቀም።

ጥያቄ፦ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራው አዲስ ነው። የመጣው ዕቃ እውነት ግሬድ 7 መሆኑን በምን ላውቅ? ሁሉም ያው ይመስላል።

መልስ፦ በዓይን አትለዪውም፣ ማንም አይለየውም። መጀመሪያ ከፋብሪካው የምርመራ ሰርተፍኬት ጠይቂ፤ ኢኤን 10204 ዓይነት 3.1 የሚባለው፤ በሰርተፍኬቱ ያለው የሂት ቁጥር (ብረቱ የቀለጠበት ዙር መለያ) ዕቃው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከሌለ ዕቃውን አትቀበይ። ከዚያ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ያለውን ባለሙያ ጥሪ፤ ፓላዲየሙን ያያል። ዋናው የሚያጭበረብሩበት እሱ ነው፣ ውድ ነገር ነውና። ግሬድ 1ን ከግሬድ 2 ግን ያ መሣሪያ አይለይልሽም። የሁለቱ ልዩነት በዋናነት ኦክሲጅን ነው፣ በግሬድ 1 እስከ 0.18፣ በግሬድ 2 እስከ 0.25 በመቶ፤ መሣሪያው ደግሞ ኦክሲጅን አያይም። እዚያ ላብራቶሪ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ክሎሪን ጋዝ መስመር ላይ ታይታኒየም ቫልቭ ልናስገባ ነው። ጋዙ ከማድረቂያው በኋላ ያለው ነው።

መልስ፦ አቁሙ! ከማድረቂያው በፊት ቢሆን ደስ እያለኝ እሺ እላችሁ ነበር። እርጥብ ክሎሪን ለታይታኒየም ከሚስማሙ ነገሮች አንዱ ነው። ደረቅ ክሎሪን ግን ታይታኒየምን በኃይል ያጠቃዋል፤ ሊያቃጥለውም ይችላል፣ እንዲያውም በክፍል ሙቀት። ታይታኒየሙ እንዲጠበቅ ጋዙ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ውሃ መኖር አለበት። ከማድረቂያው ወዲህ ያንን አታገኙም። እዚያ ቦታ ተራ ብረት የተለመደ ምርጫ ነው፣ ርካሹ ውዱን የሚያሸንፍበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሌሎች ቀይ መስመሮችም ይታወቁ፤ ውሃ ያነሰው ቀይ የሚጨስ ናይትሪክ አሲድና ንጹሕ ኦክሲጅን በግፊት። እነዚህ ላይ ታይታኒየም አይገባም።

ስለ እሳት ከተነሳ አይቀር፤ ቶርኖ ላይ የሚወጣው ቀጭን የታይታኒየም ፍቅፋቂ ይነዳል። ውሃ እንዳትረጩበት፣ ያባብሰዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይረዳም፣ ታይታኒየም በሱ ውስጥ መንደዱን ይቀጥላል። ለብረት እሳት የሚሆን ደረቅ ዱቄት ወይም ፍጹም ደረቅ አሸዋ በአቅራቢያ ይኑር። በፋብሪካው ማማ (ፈሳሽና ጋዝ በሚገናኙበት ረጅም ዕቃ) ውስጥ ቀጭን የታይታኒየም ሙሌት ካለ ጥገና ሲሠራ እዚያ አካባቢ ችቦ ማቀጣጠል ከማንኛውም ነገር በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የታይታኒየም ብሎን ከታይታኒየም ዳዶ ጋር ስናጠብቅ ይነክስና አይፈታም። ለምን?

መልስ፦ ጥርሶቹ ሲፋተጉ ሽፋኑ ይላጥና ብረቱ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ታይታኒየም በዚህ የታወቀ ነው። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ቅባት በሙሉ ጥርሱ ላይ ቀቡ፣ ጥርሱ ንጹሕና ልስልስ ይሁን፣ በእጅ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ እንጂ በአየር መፍቻ አትሩጡ። ብሎኑ ፈሳሹን የማይነካ ከሆነ ደግሞ ታይታኒየም እንዲሆን ማን አስገደዳችሁ? ደረቅ ቦታ ላይ ለውጭ የሚታሰር ፍላንጅ በተሸፈነ የብረት ብሎን ይታሰራል፤ ገንዘቡንም ግሬድ 7 ለሚያስፈልገው ጋስኬት ፊት አውሉት።